በርበሬ በዓይን ገምቼ አልሸጥም

ደሴ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ። ከጓዳው በር አጠገብ ባስኩል ቆሟል። ዛላ በርበሬ በጆንያ ሲመጣ እዚያ ላይ ይመዘናል። ሃያ ሁለት ዓመት ስነግድ አንድም ቀን በርበሬ በዓይን ገምቼ ሰጥቼ አላውቅም።

የራሴን ኪሎ ግን በግምት ተናግሬ መድኃኒት ወሰድኩ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ከበድ ያለ ሰውነት ያላችሁና የደም ማቅጠኛ፣ ማለት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት፣ የምትወስዱ፣ ወይም እንዲህ ያለች እናት ወይም እህት ያለቻችሁ፣ እኔ ያለፍኩበትን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የግራ እግሬ ባት ከበደኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምሸጥ ድካም መሰለኝ። በማግሥቱ አበጠ፣ ጋለ፣ ጫማ እምቢ አለ። ጎረቤቶቼ ወለምታ ነው ብለው ወጌሻ አመጡልኝ። ሁለት ቀን በቅቤ አሸችኝ። እሷ ደግ ሰው ናት፣ በልቧ ልትረዳኝ ነበር። ኋላ ሐኪሙ ሲሰማ ግን ደነገጠ። የረጋ ደም ያለበት እግር ሲታሽ የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ አታሹት። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ።

የኔም በአልትራሳውንድ ታየ። ከጉልበቴ ጀርባ ያለው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። ለምን እኔን ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሩ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ብዙ መቀመጥ አንዱ ነው። ውፍረቱ ሌላው ነው። ትልቅ ሆድ ከእግር ወደ ላይ ደም የሚመልሱትን ሥሮች ይጫናል። ስቡ ራሱም ደሙን ለመርጋት የተዘጋጀ ያደርገዋል።

ከዚያ ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ አስታማሚዎች ነበሩ። ወንዶችም ነበሩ። «ዘጠና» አልኩ። ዘጠና የነበርኩት የመጨረሻ ልጄን ሳልወልድ ነው። እሷም አልመዘነችኝም፣ ጻፈችው። በእኛ አገር ደልደል ማለት የደላው ሰው ምልክት ነው ይባላል። ሚዛን ላይ ቁሚ ሲባል ግን ያ ሁሉ ሙገሳ የት እንደሚገባ እንጃ። አፍሬ ነው የዋሸሁት።

ውሸቱ ዋጋ አስከፈለኝ። በሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋው ኢኖክሳፓሪን የሚባለው መርፌ የሚሰላው በኪሎ ነው። ለረጋ ደም ሕክምና በአንድ ኪሎ አንድ ሚሊግራም፣ በየ12 ሰዓቱ። ዘጠና ላለች ሴት ተሰልቶ ተሰጠኝ። በሳምንቱ እብጠቱ ወደ ጭኔ ወጣ። ሌላ ወጣት ሐኪም መጥቶ እግሬን አየ፣ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። «እናቴ፣ ይህ ኪሎ በሚዛን ነው የተወሰደው?» አለኝ። ዝም አልኩ። የክፍሉ ሚዛን ደግሞ ከ120 በላይ አይቆጥርም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄን ላክኋት። ባስኩሉን ወንድሜ በባጃጅ ጭኖ አመጣው። ቆምኩበት። 124 ኪሎ። ሠላሳ አራት ኪሎ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። አንድ ኩንታል በርበሬ ስገዛ ሠላሳ አራት ኪሎ ቢጎድል ከነጋዴው ጋር ሽማግሌ ፊት እንቀመጥ ነበር።

መጠኑ ተስተካከለ፣ እብጠቱም መውረድ ጀመረ። ጎን ለጎን ዋርፋሪን የሚባለው ኪኒን ተጀመረልኝ። ኪኒኑ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ስለ ዋርፋሪን ትንሽ ልበል። አንዲት ጎረቤቴ «የአይጥ መርዝ እኮ ነው የሰጡሽ» ብላ አስደነገጠችኝ። ልጄ ፈልጋ አነበበችልኝ። እውነት ነው፣ በ1948 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለአይጥ ማጥፊያ ነበር የወጣው። ለሰው ሕክምና የተፈቀደው በ1954 ነው። አይጧን የሚገድላት ደሟን ከልክ በላይ አቅጥኖ ነው። ለሰው ሲሰጥ በልክ ይሰጣል። ልኩን የሚያሳየው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ማቅጠኛ የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው። እኛ እግራችን ላይ ደም የረጋብን ከ2 እስከ 3 መካከል እንድንሆን ይፈለጋል። ከ2 በታች ከሆነ ደሙ ሊረጋ ይችላል። ከ3 እየራቀ በሄደ ቁጥር የመድማት አደጋው ይጨምራል።

የኔ አይኤንአር አልነሳ አለ። አልጋ ጎረቤቴ ቀጭን ሴት ነበረች፣ በቀን 5 ሚሊግራም እየወሰደች በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሰላት። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ መጠኑም 7.5 ደረሰ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ወፍራም ሰው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን እንደሚፈልግና ለመድረስም እንደሚዘገይ ሐኪሙ ሲነግረኝ ነው የተረጋጋሁት። አደራ፣ ይህን ያነሳሁት እንድትረጋጉ እንጂ መጠኑን እንድትኮርጁ አይደለም። የአንዱ ልክ ለሌላው መርዝ ነው።

በጥር ላይ 2.4 ሆንኩ። ሱቄ ተመለስኩ። ሁሉም ደኅና ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ይህን በወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጥ የለም። በጾም ምን እንበላለን? ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ደግሞ ጎመን። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ። ዋርፋሪን የሚሠራው ይህንኑ ቫይታሚን በመቃወም ነው። ብዙ ጎመን ስንበላ መድኃኒቱ ይደክማል። በጾሙ አጋማሽ ስመረመር 1.6 ወርጄ ተገኘሁ። የምበላውን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። መጠኑ ወደ 10 ከፍ ተደረገ። ለጎመኑ ልክ ነበር።

ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀረ። ዶሮ፣ ሥጋ፣ ቅቤ ሆነ። መድኃኒቱ ግን እዚያው 10 ላይ ነው። የሚቃወመው ነገር ከማዕዱ ተነሥቷል። ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ቀጠሮ ነበረኝ። አልሄድኩም። በዓል ሲያልፍ ሱቅ ውስጥ ሥራ ይበዛል፣ እግሬም ደኅና ነበር። «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» አልኩ።

በግንቦት መግቢያ ብርድና ዝናብ ነበር። ደሴን የምታውቁ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ታውቁታላችሁ። ሳል ያዘኝ። ደረቅ፣ የሚያንቀጠቅጥ ሳል። አንዲት ዘመዴ ከራሷ የተረፈ ኮትሪሞክሳዞል ሰጠችኝ፣ ብዙዎቻችን ባክትሪም የምንለውን። ጉልበቴም ያመኝ ነበር። 124 ኪሎ የሚሸከም ጉልበት መታመሙ አይቀርም። ለሱ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝቼ እውጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ዋርፋሪን እወስዳለሁ ብዬ አልተናገርኩም። ዲክሎ መድኃኒት ሆኖ አልታየኝም ነበር። እንደ ሻይ ነው የምንወስደው።

አሁን ስደምረው ይዘገንነኛል። ጎመኑ ቀርቷል፣ መጠኑ ከፍ ብሏል። ባክትሪም ሰውነት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ያደርጋል። ዲክሎፌናክ ደም እንዲቆም የሚረዱትን ሴሎች ያዳክማል፣ ጨጓራንም ያቆስላል። በላዩ ላይ ሳሉ አለ። ሳል የሆድን ጡንቻ ይወጥራል፣ ሊቀድድም ይችላል። አንዱ ብቻውን ቢመጣ ምናልባት አልፈው ነበር። እኔ ላይ ግን ሁሉም ባንድ ሰሞን ነው የመጡት።

ሐሙስ ማታ ሳስል ከእምብርቴ በስተቀኝ አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ከዚያ ሕመሙ እየሰፋ ሄደ። ጠዋት ስነሣ ዞረብኝ። ደም ከየትም አልወጣም። አፍንጫዬ አልደማም፣ ድዴ አልደማም፣ ሰገራዬ አልጠቆረም። ሆዴ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ሰው ሆዴን ነካ ነካ አደረገ። «እዚህ ጋ ይጠጥረኛል» አልኩት። «እሱ ስብ ነው፣ አይዞሽ፣ ጨጓራሽ ነው» አለኝ። የደም ግፊቴን ለካ። ጨርቁ ክንዴ ላይ በግድ ነው የደረሰው። «ግፊትሽ ጥሩ ነው» አለ። ኋላ እንደተማርኩት፣ ለክንድ የሚጠብብ የግፊት መለኪያ ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ግፊቴ እየወረደ ሳለ ወረቀቱ ላይ ደኅና ነበርኩ። ለሕመሙ መርፌ ተወጋሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ጎረቤቶች መጡ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ቡና አፈሉልኝ። አንዲት አክስቴ «ደሟ በዝቶ ነው፣ ዋግምት ብትደረግ ይቀላት ነበር» አለች። ወፍራም ሰው ደም ይበዛበታል የሚል እምነት አለ። እኔ በዚያ ሰዓት የነበረኝ ደም እየጎደለ ነበር። ዋግምቱ ቢደረግ ኖሮ እንዴት ይቆም ነበር? ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ዋግምትም ሆነ ሂጃማ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አታድርጉ።

ያዳነችኝ ልጄ ናት። የ16 ዓመት ልጅ ናት። በረካው ሳይደርስ ገብታ አየችኝ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች። «እማ፣ ነጭ ሆኗል» አለች። እጄን ይዛ የልቤን ምት ቆጠረች፣ 120 አለፈ። ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀኛል። «እማ ማቅጠኛ ትወስጃለሽ፣ ተነሺ» ብላ የማቅጠኛ ክትትል ካርዴን ከመሳቢያ አወጣች። ታክሲ ጠራች። የቡናውን ሲኒ ሳላስቀምጥ ነው የወጣሁት።

ሆስፒታል እንደደረስን ልጄ መጀመሪያ ያደረገችው ካርዱን ማሳየት ነው። ያቺ ካርድ ሰዓታትን ቆጥባልኛለች። አይኤንአር 8 አለፈ። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኔ ጥር ላይ 13 ነበር፣ አሁን 6.8። አልትራሳውንድ ሲደረግ የሆዴ ግድግዳ ጡንቻ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል። ስቡ ከላይ ስለሸፈነው ከውጭ አይታይም። ክሊኒኩ «ስብ ነው» ያለው ጠጣር ነገር ደም ነበር። በቀጭን ሰው ላይ ቢሆን ጉብ ብሎ ይታይ ነበር፣ ቆዳውም ቶሎ ይጠቁር ነበር። የኔ ቆዳ የጠቆረው በአራተኛው ቀን ነው። ከጎኔ እስከ ብሽሽቴ እንደ ደረሰ ዕንጆሪ ሆነ።

ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ወፍራም ሰው ሲደማ ደሙ ቦታ አለው። ይደበቃል። ሆድ ውስጥ፣ ጭን ውስጥ፣ መቀመጫ ውስጥ ብዙ ደም ሊጠራቀም ይችላል፣ ጠብታ ሳይታይ። ቀይ ነገር እስክታዩ አትጠብቁ። ማቅጠኛ እየወሰዳችሁ ሆድ ወይም ጎን በአንድ ቦታ በድንገት ካመመ፣ እዚያው ከጠጠረ፣ ስትነሡ ከዞረባችሁ፣ ልብ በፍጥነት ከመታ፣ ፊት ከነጣ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። «ስብ ነው» ከተባላችሁ «ማቅጠኛ እወስዳለሁ፣ አይኤንአር እና ሄሞግሎቢን ይታይልኝ፣ አልትራሳውንድ ይደረግልኝ» በሉ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የግፊት መለኪያውም ክንዳችሁን ካልበቃ ትልቁን ጠይቁ።

ሌሎቹ ምልክቶች የሚታወቁት ናቸው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ አልቆም ያለ ነስር፣ ከወትሮው የበዛ የወር አበባ። ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ከመታችሁ ደግሞ ባያማችሁም ሂዱ።

ዋርፋሪኑ ቆመ። ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ሰጡኝ፣ ማርከሻው እሱ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ያው ቫይታሚን። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ወንድሜና የጎረቤታችን የሼሁ ልጅ ሄደው ደም ሰጡ። ያ ልጅ በረመዳን ሱቄ በር ላይ ቴምር የሚሸጥ ነው። ደሙን ሰጥቶ ሲመለስ አልቅሼ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ቀዶ ጥገና አላስፈለገኝም። ጠጣሩ ነገር ሟሙቶ እስኪያልቅ ግን ሦስት ወር ገደማ ወስዷል።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ መጣ። እግሬ ላይ የረጋው ደም አለ፣ ሆዴ ውስጥ የፈሰሰው ደም አለ። ማቅጠኛው ቢቆም እግሬ ያሰጋል፣ ቢቀጥል ሆዴ። ሐኪሞቹ ሳምንታት ጠብቀው፣ ደሙ መቆሙን በአልትራሳውንድ አይተው በዝቅተኛ መጠን መልሰው ጀመሩት። በየሦስት ቀኑ ተመረመርኩ። አንዳንድ ሰው ከደማ በኋላ ፈርቶ ራሱ ጥሎት ይቀራል። እኔም አስቤው ነበር። ሳንባዬ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ሲያስረዱኝ ተውኩት። ማቆምም መጀመርም የሐኪም ውሳኔ ይሁን። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ እኔም ሄጃለሁ። ኪኒኑን ግን በኪሴ ይዤ ነው።

የዘወትር የአይኤንአር ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ ማቅጠኞች እንዳሉም ጠይቄ ነበር፣ ሪቫሮክሳባን እና አፒክሳባን የሚባሉ። የደም መርጋት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በፈረንጆቹ 2016 ከ120 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው እንዳይሰጡ ይመክር ነበር። በ2021 ምክሩን አሻሽሎ፣ እንደኔ ደም ሥር ውስጥ ለረጋ ደም ሁለቱን ለከባድ ሰውም መስጠት ይቻላል ብሏል። እኔ ዋጋውንም መገኘቱንም አይቼ ዋርፋሪኑ ላይ ቀረሁ። እናንተ ግን ጠይቁ። ከደሴ ርቆ ወረባቦ ወይም ደላንታ ላለ ሰው ለእያንዳንዱ አይኤንአር መመላለስ ቀላል አይደለም።

አሁን እንዲህ ነው የምኖረው። ጎመን አልተውኩም። ሰው «ማቅጠኛ ከወሰድሽ ጎመን አትንኪ» ይለኛል፣ ትክክል አይደለም። በሳምንት ተመሳሳይ ያህል እበላለሁ፣ በጾምም በፍስክም። ጾም ሊገባ ሲል፣ ሊፈታም ሲል ምርመራ አለኝ፣ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር አስቀድመን እንቀጥራለን። የምትጾሙት ረመዳንን ከሆነ ኪኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ማፍጠሪያ ላይ ሊወሰድ ይችላል፣ ሰዓቱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ንገሯቸው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ እበላለሁ። ለጉንፋን ብዬ ጥሬውን በማር ቀጥቅጬ መዋጥ ግን ትቻለሁ። ቅመም ነጋዴ ሆኜ ይህን ማለት ከብዶኝ ነበር።

ለጉልበቴ ዲክሎም አይቡፕሮፌንም አልነካም። ፓራሲታሞል ነው የምወስደው፣ እሱንም በልክ፣ ለብዙ ቀን ከበዛ እሱም አይኤንአር ከፍ ያደርጋል። መቀመጫ ላይ መርፌ ሊወጉኝ ሲሉ «ማቅጠኛ አለኝ» እላለሁ። ጡንቻ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላልና። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሲታዘዝልኝ፣ ባክትሪም ይሁን ሲፕሮ ወይም ፍላጂል፣ ካርዴን አውጥቼ አሳያለሁ።

ኪሎዬ አሁን 112 ነው። ኪሎ ሲቀንስ የመድኃኒቱ ልክም ሊቀየር ስለሚችል ያንንም እናገራለሁ። በየወሩ መጀመሪያ፣ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት፣ ባስኩሉ ላይ እቆምና ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። ነርሷ ስትጠይቀኝ ካርዱን እዘረጋላታለሁ። ሰው ቢሰማም ይስማ።

ባለፈው ሰኞ ከኩታበር በርበሬ ልትገዛ የመጣች ደንበኛዬ አንድ እግሯን እያነከሰች ገባች። ሆዷ ላይ መርፌ እንደምትወጋ ነገረችኝ። «ስንት ኪሎ ብለሽ አስጻፍሽ?» አልኳት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። በሩን መለስ አደረግኩት። ባስኩሉ ላይ የነበረውን ጆንያ አወረድኩ። 98 መታ። በርበሬዋን በጠቀለልኩበት ወረቀት ጫፍ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ቀድጄ ሰጠኋት። በቀሚሷ ኪስ ከተተችው። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።